ድመታችሁ መብላት ካቆመች፦ ከቤት ምርመራ እስከ ምግብ ሳህኑ

"ድመቴ ሁለት ቀን አልበላችም፤ ምን ልስጣት?" ባሕር ዳር ድመት ከሚያሳድጉ ሰዎች በየጊዜው የሚደርሰኝ ጥያቄ ይህ ነው። ከሽምብጥም ይመጣል፣ ከዘንዘልማም ይመጣል። ጠያቂው የሚፈልገው የምግብ ስም ነው። እኔ ግን የምግብ ስም ከመናገሬ በፊት ሌላ ነገር እጠይቃለሁ፤ ምክንያቱም ኩላሊቷ ለታመመ ድመት የሚስማማው ሳህን ጉበቷ ለታመመ ድመት ጉዳት ነው። በሌላ በኩል ምርመራው እስኪያልቅ ባዶ ሆዷን ማቆየትም አይቻልም። ድመት ሁለት ሦስት ቀን ካልበላች፣ በተለይ ወፍራም ከነበረች፣ የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፋል፤ ጉበቱም ሥራ ያቆማል። የመጀመሪያው ሕመም ቀላል ሆኖ ሳለ በዚህ የሚሞቱ ድመቶች አሉ።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ 24 ሰዓት ምንም ካልበላች ሐኪም ይደወላል። ግልገል ከሆነች ደግሞ ከዚያም ያነሰ ሰዓት ይበቃል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ቀሪውን ማንበብ ትታችሁ አሁኑኑ ወደ እንስሳት ሐኪም ሂዱ።

- ወንድ ድመት ለመሽናት እየተቀመጠ፣ እያማጠ፣ ሽንት ካልወጣው። የሽንት ቱቦው ተዘግቷል ማለት ሊሆን ይችላል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይገድላል። ብዙ ሰው "ሆድ ድርቀት ነው" ብሎ ዘይት ያጠጣዋል፤ ማዳኛው ሰዓት በዚያ ያልፋል።
- አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ከሆነ።
- የኋላ እግሮቿ በድንገት አልታዘዝ ካሏትና ከቀዘቀዙ።
- ድዷ ነጭ፣ ሰማያዊ ወይም ቢጫ ከሆነ።
- የሰውነት ሙቀቷ ከ37.5 ዲግሪ በታች ከወረደ።
- የአይጥ መርዝ፣ በመርዝ የሞተ አይጥ ወይም የሰው መድኃኒት በልታለች ብላችሁ ከጠረጠራችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችሁ። ገራም የነበረች ድመት በድንገት ተናካሽ ከሆነች፣ ለሃጯ ከተዝረከረከ፣ መዋጥ ካቃታት ወይም አረማመዷ ከተዛባ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። ድመትም ይይዘዋል። አትንኳት፤ በሩን ዘግታችሁ ለእንስሳት ሐኪም ደውሉ። ከነከሰቻችሁ ወይም ከቧጨረቻችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ አታሳድሩት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የወጥ ቤት ሚዛን ወይም የሻንጣ መመዘኛ
- ዲጂታል ቴርሞሜትር (ለድመቷ ብቻ የሚሆን) እና ቫዝሊን
- መርፌ የሌላቸው ሲሪንጆች፣ የ5 እና የ10 ሚሊ ሊትር
- ጠንካራ ካርቶን ወይም ክዳን ያለው ቅርጫት፣ ፎጣ፣ አሮጌ ነጠላ
- ዝርግ የፕላስቲክ ሳህን ለሽንት ቤት፣ እና ሰጋቱራ ወይም አሸዋ
- ንጹሕ ክዳን ያለው ብልቃጥ ለሽንት ናሙና
- ወንፊት፣ ካላችሁ ብሌንደር
- ደብተርና ሰዓት

ከሁሉ የሚበልጠው ደብተሩ ነው። ባሕር ዳር ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች የቀን ሥራቸው በአብዛኛው ከብት፣ በግና አህያ ላይ ነው። ድመት ደግሞ ክሊኒክ ስትደርስ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ትጨመደዳለች፣ ዝም ትላለች። ቤት ውስጥ ያያችሁትን በቁጥር ጽፋችሁ ከሄዳችሁ ሐኪሙ ግማሹን ሥራ ጨርሶ ያገኘዋል።

ደረጃ 1፦ ለብቻዋ አድርጓት

አንድ ክፍል ስጧት፤ ሙቀት ያለው፣ ጸጥ ያለ። ውኃዋ፣ ምግቧና ሽንት ቤቷ እዚያው ይሁኑ፤ ምግቡ ግን ከሽንት ቤቱ ይራቅ። ሌላ ድመት ካለ ማን በላ፣ ማን ሸና፣ ማን አስመለሰ የሚለው አይታወቅም። ተላላፊ በሽታ ከሆነም ሌሎቹን ታተርፋላችሁ። ወደ ውጭ አትልቀቋት፤ የታመመች ድመት ጥግ ፈልጋ ትደበቃለች፤ ስትገኝ ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

ደረጃ 2፦ አራት ነገር ለኩ

*ክብደት።* ካርቶኑን ባዶውን መዝኑ፤ ከዚያ ከነድመቷ መዝናችሁ ልዩነቱን ጻፉ። የ4 ኪሎ ድመት 400 ግራም ከቀነሰች 70 ኪሎ ሰው 7 ኪሎ እንደቀነሰ ነው። በጸጉሯ ምክንያት በዓይን አይታይም። ሚዛን ግን አይሳሳትም።

*ትንፋሽ።* ተኝታ ሳለ ደረቷ ሲነሳ 30 ሰከንድ ቆጥራችሁ በሁለት አባዙት። በእረፍት ላይ ከ30 በታች ነው መሆን ያለበት። ደጋግማችሁ ከ30 በላይ ካገኛችሁ ለሐኪሙ ንገሩ። ከ40 ካለፈ በዚያው ሰዓት ውሰዷት። ልብ ወይም ሳንባ ዙሪያ ፈሳሽ ሲኖር መጀመሪያ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ስታንኮራፋ ወይም ስታንጎራጉር የተቆጠረ አይታመንም።

*ሙቀት።* የቴርሞሜትሩን ጫፍ ቫዝሊን ቀብታችሁ በፊንጢጣዋ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አስገቡ። ሌላ ሰው በፎጣ ይያዝላችሁ። ጤነኛው ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። በእጅ ጆሮዋን ዳስሶ "ትኩሳት አላት" ማለት አያስኬድም፤ የድመት ሙቀት ከእኛ ስለሚበልጥ ጤነኛዋም ትኩስ ናት። ከተፋለመች ተዉት፤ ሐኪሙ ይለካል።

*ድድና ዓይን።* ከንፈሯን ገልጣችሁ ድዷን በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ። ነጣ ብሎ ከ2 ሰከንድ በፊት ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። ድዱ የሚያጣብቅ ከሆነ ውኃ አጥሯታል። የዓይኗን ነጭና የጆሮዋን ውስጥ በቀን ብርሃን እዩ፤ ቢጫነት በአምፖል ብርሃን ያመልጣል።

ደረጃ 3፦ ታሪኳን ጻፉ

ዕድሜ፣ ጾታ፣ ክትባት። መቼ ነው የመጨረሻ ጊዜ በደንብ የበላችው? ውኃ ከወትሮው አብዝታ ትጠጣለች ወይስ ቀንሳለች? የሽንቱ መጠንስ? ስንት ጊዜ አስመለሳት፣ ምን መልክ ነበረው? ምግቡ አጠገብ ሄዳ አሽትታ ትመለሳለች ወይስ ጭራሽ አትቀርብም? ይህች የመጨረሻዋ ጥያቄ ትልቅ ናት። ቀርባ የምትመለስ ድመት ብዙ ጊዜ ርቧታል፤ ግን አፏን ያማታል ወይም ያቅለሸልሻታል። ቤት ውስጥ የተረጨ የቁንጫ ወይም የከብት መዥገር መድኃኒት ካለም ጻፉ። ፐርሜትሪንና ዲያዚኖን የሚባሉት የተባይ መድኃኒቶች ድመትን ይመርዛሉ።

ደረጃ 4፦ ሽንት ያዙ

ሽንት ቤቷን አጥባችሁ አድርቁ። በሰጋቱራው ፈንታ የተቆራረጠ ፌስታል ወይም ታጥቦ የደረቀ ጠጠር አድርጉበት። ፌስታልና ጠጠር ሽንት አይመጥጡም። ስትጨርስ በሲሪንጅ ቀድታችሁ ብልቃጥ ውስጥ አድርጉና በጥቂት ሰዓት ውስጥ አድርሱ። ካልተቻለ ፍሪጅ ይግባ።

ብዙ ሰው ይህን ደረጃ ይዘለዋል። አትዝለሉት። ደም ውስጥ ያለው ክሬአቲኒን (ኩላሊት አጣርቶ የሚያስወጣው ቆሻሻ) ኩላሊት ሲታመም ይጨምራል፤ ውኃ ሲያጥራትም ይጨምራል። ሁለቱን የሚለየው ሽንቱ ነው። ሽንቱ ወፍራም ከሆነ ኩላሊቱ ገና ይሠራል። የደሙ ክሬአቲኒን ከፍ ብሎ ሽንቱ እንደ ውኃ ቀጭን ከሆነ ጣት ወደ ኩላሊት ይቀሰራል። የሽንቱ ውፍረት በሪፍራክቶሜትር (የፈሳሽን ውፍረት በብርሃን በሚለካ መሣሪያ) መለካት አለበት። ለሰው የተሠራው የሽንት ወረቀት ስኳር፣ ፕሮቲንና ደም ያሳያል፤ ውፍረቱንና ነጭ የደም ሴሉን በተመለከተ ግን ለድመት አይታመንም።

ደረጃ 5፦ ወደ ሐኪም

ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። "ድመት ታያላችሁ? ደም ወስዳችሁ የምታስመረምሩበት ቦታ አለ?" በሉ። ከሌለ የት እንደሚልኳችሁ ጠይቁ። 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ። መላኩ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪማችሁ ይወስን፤ መንገዱ ለደከመች ድመት ቀላል አይደለም።

ባጃጅ ውስጥ በእቅፍ አትያዟት። ክላክስ ስትሰማ ዘልላ ትወጣለች። ካርቶኑን ቀዳዱለት፣ ከሥር ፎጣ አንጥፉ፣ ከላይ በነጠላ ሸፍኑት። ጨለማው ያረጋጋታል።

ሐኪሙን እነዚህን ጠይቁ፦ የጠረጠሩት ሕመም ምንድን ነው? ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የትኛው ምርመራ ይለየዋል? ማቅለሽለሽ ማስቆሚያና ሕመም ማስታገሻ ያስፈልጋታል? ዛሬ ማታ ምን ያህል ትብላ? የውጤቱን ወረቀት ፎቶ አንሱ። በሚቀጥለው ወር ሲደገም ማነጻጸሪያው እሱ ነው።

ደረጃ 6፦ ውጤቱን ከሐኪሙ ጋር አንብቡ

*ክሬአቲኒን።* መጀመሪያ መለኪያውን እዩ። አንዱ ላቦራቶሪ በሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር፣ ሌላው በማይክሮሞል በሊትር ይጽፋል፤ 1 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር 88.4 ማይክሮሞል በሊትር ነው። ሥር በሰደደ የኩላሊት በሽታ ከ1.6 እስከ 2.8 ሚሊ ግራም ሁለተኛ ደረጃ፣ ከ2.9 እስከ 5 ሦስተኛ፣ ከ5 በላይ አራተኛ ይባላል። ደረጃው የሚወሰነው ግን የውኃ እጥረቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቁጥር ተስፋ አትቁረጡ።

*ስኳር።* የፈራች ድመት ስኳሯ በድንገት ይወጣል። የባጃጅ ጉዞና የክሊኒክ ጠረጴዛ ብቻ ይበቃሉ። አንድ ከፍተኛ ውጤት ስኳር በሽታ አያሰኝም፤ ሽንቷ ውስጥም ስኳር መኖሩን፣ ብዙ መጠጣትና መክሳት መኖሩን ተመልከቱ።

*ቢሊሩቢን (ሲበዛ ድድና ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው) እና የጉበት ኤንዛይሞች።* ሳትበላ በቆየች ወፍራም ድመት ከፍ ካሉ የጉበት ስብን ያስጠረጥራሉ።

*ነጭ የደም ሴል።* ያልተከተበች ግልገል እያስመለሳትና እያስቀመጣት ነጭ የደም ሴሏ በጣም ካነሰ ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው የድመት ቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ቫይረሱ ቤት ውስጥ እስከ አንድ ዓመት ይቆያል። ወለሉን አንድ እጅ በረኪና በ32 እጅ ውኃ በጥብጣችሁ እጠቡ፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ አለቅልቁ። ያልተከተበ ግልገል ወደዚያ ቤት አታምጡ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ምግብ

ሕመሙ ተለይቶ እስኪታወቅ ግቡ አንድ ነው፦ ትብላ። ልክ የሆነና ያልተበላ ምግብ አይጠቅምም።

ስንት ትብላ? ክብደቷን በኪሎ በ30 አባዙና 70 ጨምሩ። ይህ የቀኑ ካሎሪ ነው። ለ4 ኪሎ ድመት 190 ይመጣል። ተቀቅሎ ቆዳው የተነሳ የዶሮ ፍርምባ በ100 ግራም 165 ካሎሪ ገደማ አለው፤ የተቀቀለ የቆሮሶ ዓሣ 130፣ አንድ እንቁላል 70 ገደማ። ስለዚህ 115 ግራም ያህል የዶሮ ሥጋ ቀኗን ይሸፍናል።

ብዙ ቀን ሳትበላ ከቆየች ግን በአንዴ አትሙሏት። በመጀመሪያው ቀን ሲሶውን፣ በሁለተኛው ሁለት ሦስተኛውን፣ በሦስተኛው ሙሉውን ስጡ። የተራበ ሰውነት ድንገት ምግብ ሲገባበት የደም ማዕድናት ይወርዳሉ፤ ልብ ሊያቆም ይችላል።

አሠራሩ፦ ዶሮውን በንጹሕ ውኃ ቀቅሉ። ጨው የለም፣ ሽንኩርት የለም፣ ነጭ ሽንኩርት የለም፣ ቅመም የለም። አጥንቱን ለቅማችሁ ከመረቁ ጋር ፍጩት። ብሌንደር ከሌለ በደቃቁ ከትፋችሁ በወንፊት አሳልፉት። ስትሰጧት ለብ ይበል። ድመት የምትበላው በአፍንጫዋ ነው፤ የቀዘቀዘ ምግብ አይሸታትም። አፍንጫዋ ከተደፈነ ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ጥረጉላት። ትንሽ ትንሽ፣ በቀን ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ስጡ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ያልተበላውን አንሱ።

ቆሮሶ ከሐይቁ ዳር ትኩሱ ስለሚገኝ ለእኛ ቀላል ነው፤ ሽታውም ይስባታል። ግን ይቀቀል፣ አጥንቱ አንድ በአንድ ይለቀም። ጥሬ ዓሣና የዓሣ አንጀት ጥገኛ ትል ያመጣል፤ አንዳንድ ጥሬ ዓሣ ደግሞ ቫይታሚን ቢ1ን ያጠፋል፤ ድመቷ አንገቷ ይጎብጣል፣ ትንገዳገዳለች። አምባዛም ሆነ ቆሮሶ ብቻውን ለወራት አይበቃም።

በዓቢይ ጾም 55 ቀን ሉካንዳው ይዘጋል፤ ቤቱም ሽሮና ምስር ይሆናል። ድመት ግን ሥጋ ካላገኘች ታውሪን የሚባለው ንጥረ ነገር ይጎድላታል፤ ልቧና ዓይኗ ይጎዳሉ። ሥጋውን አስቀድማችሁ ቀቅላችሁ በየቀኑ ልክ ከፋፍላችሁ ፍሪዘር አስገቡ፤ ካልሆነ በዓሣና በእንቁላል ተሻገሩ። መብራት ጠፍቶ የቀለጠውን መልሳችሁ አታቀዝቅዙ።

ደረጃ 8፦ በሲሪንጅ ማብላት

ይህን ሐኪሙ ከፈቀደ ብቻ። እያስመለሳት፣ መተንፈስ እያቃታት ወይም ደንዝዛ ከሆነ አታድርጉ፤ ምግቡ ሳንባዋ ይገባል።

በፎጣ ጠቅልላችሁ ደረቷ ላይ እንደተኛች አስቀምጧት። ራሷን ወደ ላይ አታቅኑ። የሲሪንጁን ጫፍ ከጎን፣ በጉንጯና በጥርሷ መካከል አስገቡ። 1 ሚሊ ሊትር ስጡ፤ ስትውጥ እዩ፤ ከዚያ ሌላ 1። በአንድ ጊዜ በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር ጀምሩ፤ ለ4 ኪሎ 20 ማለት ነው። ምራቋን ማዝረብረብ ወይም ከንፈሯን መላስ ከጀመረች አቅለሽልሿታል፤ አቁሙ። እያስገደዳችሁ ከቀጠላችሁ ምግቡን ትጠላዋለች፤ ከዳነች በኋላም አትነካውም። ከሁለት ቀን በላይ በዚህ መንገድ ብቻ መብላት ካለባት ስለ መመገቢያ ቱቦ ሐኪሙን ጠይቁ። ቱቦ ከትግል ይሻላል።

ደረጃ 9፦ ምግቡን ከሕመሙ ጋር አስማሙ

*ኩላሊት።* ዋናው ነገር ፎስፈረስን መቀነስ ነው። ለኩላሊት የተዘጋጀ የድመት ምግብ ካገኛችሁ እሱ ይቀድማል፤ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ከቀድሞው ጋር እየቀላቀላችሁ ለውጡ። ካላገኛችሁ ሥጋውን በብዙ ውኃ ቀቅሉና ውኃውን ድፉት፤ ፎስፈረሱ ከፊሉ አብሮ ይወጣል። የተቀቀለ የእንቁላል ነጭና ትንሽ ሩዝ ይጨመርበታል። አጥንት፣ ጉበት፣ የደረቀ ዓሣና ቋንጣ ይቅሩ። ውኃ በየቦታው አስቀምጡ፤ ምግቡም ይርጠብ። ሐኪሙ ከቆዳ ሥር ፈሳሽ መስጠት ካስተማራችሁ የፈሳሹን ስም በደብተር ጻፉ። ሰው ሁሉንም "ግሉኮስ" ይለዋል፤ ለዚህ የሚውለው ግን ሪንገር ላክቴት ወይም ኖርማል ሳላይን ነው። ወፍራም ግሉኮስ ከቆዳ ሥር ከገባ ሥጋዋን ይጎዳል።

*ጉበት ላይ ስብ።* እዚህ ምግቡ ራሱ መድኃኒት ነው። ሥጋ አትቀንሱ፤ "ጉበቷ ይረፍ" ብሎ ሩዝና መረቅ ማድረግ ይገድላታል። ለሳምንታት፣ ብዙ ጊዜ በቱቦ፣ ሙሉ የቀን ልኳን ማግኘት አለባት።

*ስኳር።* ሩዝ፣ እንጀራ፣ ዳቦ ይቅሩ፤ ሥጋና እንቁላል ይሁን። ሰዓቱ አይዛነፍ። ካልበላች ኢንሱሊን ከመውጋታችሁ በፊት ለሐኪሙ ደውሉ።

*አፍና ጥርስ።* ምግቡን አለስልሱት፤ ሕመሙ ካልታከመ ግን ማለስለሱ ብቻ አይበቃም።

የቤት ምግብ ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ የሚቀጥል ከሆነ ካልሲየም ይጎድለዋል፤ አጥንቷ ይሳሳል። ኩላሊቷ ደህና ለሆነ ድመት የእንቁላል ቅርፊት ቀቅላችሁ አድርቃችሁ እንደ ዱቄት ፈጭታችሁ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨምሩ። የበሬ ወይም የዶሮ ልብ ለታውሪን ጥሩ ነው። ጉበት በሳምንት አንድ ጊዜ ትንሽ ብቻ፤ ሲበዛ ቫይታሚን ኤ ተከማችቶ አንገቷን ያደርቀዋል።

ደረጃ 10፦ ክትትል

በሳምንት ሁለት ጊዜ መዝኑ። የበላችውን በግራም ጻፉ፤ "ትንሽ በልታለች" የሚል ቃል ለሐኪም ምንም አይነግረውም። ክብደቷ ከቀነሰ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አትጠብቁ። ሕክምናው ሁሉ ተሞክሮ ከተሠቃየች፣ መነሣት ካቃታትና የምትወደውን ሁሉ ከተወች ያለ ሕመም ስለ ማሳረፍ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁት። መጠየቅ ጭካኔ አይደለም።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- ፓራሲታሞል መስጠት። አንድ ፍሬ ድመትን ሊገድል ይችላል፤ ጉበቷ አይፈጨውም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም እንደዚሁ። ከሰጣችሁ አሁኑኑ ሂዱ፤ ሰዓቱንና መጠኑንም ለሐኪሙ ንገሩት።
- እንጀራ በወጥ አርሶ ማብላት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስሉም ቢፈጩም፣ የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ሽሮና በርበሬ ውስጥም ነጭ ሽንኩርት አለ።
- "ትጠንክር" ብሎ ወተት ማጠጣት። አብዛኛው ትልቅ ድመት የወተትን ስኳር አይፈጭም፤ ተቅማጡ ያለውን ውኃ ይጨርሳል።
- ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የከብት አንቲባዮቲክ ገዝቶ በግምት መውጋት። መጠኑ ለድመት አይመዘንም፤ ምርመራውንም ያበላሻል።
- ሻል ሲላት መድኃኒት ማቋረጥና ወደ ቀድሞው ምግብ በአንድ ቀን መመለስ። ለውጡ ቢያንስ አንድ ሳምንት ይውሰድ።
- ነፍሰ ጡር ሴት ሽንት ቤቷን እንድታጸዳ ማድረግ። በዓይነ ምድር ቶክሶፕላዝማ የሚባል ፅንስን የሚጎዳ ጥገኛ ተሕዋስ ሊተላለፍ ይችላል። ሌላ ሰው በጓንት፣ በየቀኑ ያጽዳው።